ችክችካና ሃውስ የት ላይ ይገናኛሉ? ለአንድ የጅማ ጀማሪ ዲጄ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ ጅማ ውስጥ ዲጄ ከሆንኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሰርግና የተማሪ ምርቃት ሠርቻለሁ። አሁን አንድ ላውንጅ ቅዳሜ ማታ የሁለት ሰዓት ጊዜ ሰጥቶኛል። እኔ የምወደው በየአገሩ የተበተኑ ጥቁሮች የሠሩትን የዳንስ ሙዚቃ ነው፤ ሃውስ፣ ዳንስሆል፣ ሶካ፣ ኩዱሮ፣ ባይሌ ፈንክ። እነሱን ስከፍት ሰው ይቀመጣል፤ ኦሮምኛ ወይም አማርኛ ስከፍት ይነሳል። ባለቤቱ ‹የፈረንጅ ዘፈን ቀንስ› ይለኛል። ሁለቱን ላገናኝ ስሞክር ደግሞ ሲንኩ (የሁለት ዘፈን ፍጥነት በራሱ የሚያገጣጥመው ቁልፍ) ያበላሽብኛል፤ በርሜል ከደረጃ ሲንከባለል ነው የሚመስለው። ልተወው ወይስ ሌላ መንገድ አለ?»

አትተወው። ባለቤቱንም አትቀየመው፤ ሰውየው ያየውን ነው የተናገረው። የጨፈረ ሰው ይጠማዋል፣ የተቀመጠ ሰው አንድ ጠርሙስ ይዞ ያመሻል፤ እሱ ደግሞ ነጋዴ ነው። የማልስማማው «የፈረንጅ» በምትለው ቃል ብቻ ነው። እዚያ ላይ ሁለታችሁም ጥፋት አለባችሁ፤ እሱ ያንን ስም በማውጣቱ፣ አንተም ሰምተህ ዝም በማለትህ።

እኔ ይህን ሥራ የጀመርኩት እዚያው ጅማ፣ መርካቶ አጠገብ በነበረች አንዲት ሙዚቃ ቤት ካሴት እየቀዳሁ ነው። ደንበኛው ባዶ ካሴት ይዞ ይመጣና «ሁለቱንም ፊት ሙላልኝ» ይላል፤ በምን እንደሚሞላ ግን ለእኔ ይተወዋል። የትኛው ዘፈን ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚገባ እያሰቡ 60 ደቂቃ መሙላት፣ አሁን ሳስበው፣ ዲጄነት ነበር። ከዚያ ወዲህ በሰርግ፣ በሆቴልና በመድረክ ላይ ድምፅ እያስተካከልኩም እያጫወትኩም ኖሬአለሁ።

እንግዲህ ከስሙ ልጀምር። ሃውስ የቺካጎ ልጅ ነው። ፍራንኪ ነክልስ የሚባል የኒውዮርክ ተወላጅ በ1977 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ፤ እሱን እንኳ «የፈረንጅ» ብንለው አንሳሳትም) «ዌርሃውስ» በተባለ ክለብ ማጫወት ጀመረ። ታዳሚው አብዛኛው ጥቁርና ላቲኖ፣ ብዙው የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ፣ ሌላ ቤት በር የሚዘጋበት ወጣት ነበር። የሙዚቃው ስም ከክለቡ ስም ተቆርጦ የቀረ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ጁላይ 12 ቀን 1979፣ በዚያው ከተማ ስታዲየም ውስጥ ዲስኮ ጠሎች ተሰብስበው ሸክላ በፈንጂ አጋዩ። እነዚያ ልጆች ግን የተባረረውን ሙዚቃ ወደ ቤት አስገብተው በኤሌክትሮኒክ ከበሮ እንደ አዲስ ሠሩት። 808 እና 909 የሚባሉት የሮላንድ ከበሮዎች ሲወጡ ገበያ አላገኙም፤ እጃቸው የገባውም ሁለተኛ እጅ ሆነው በርካሽ ስለተገኙ ነው። ዛሬ ሶፍትዌርህ ውስጥ ያለው ኪክ (ዱም የሚለው የትልቁ ከበሮ ድምፅ) የእነዚያ ማሽኖች ልጅ ነው።

የዳንስሆል አገር ጃማይካ ብትሄድ ደግሞ ታሪኩ የሞንታርቦ ታሪክ ነው። ኪንግስተን ውስጥ ባንድ ለመቅጠር አቅም ያልነበረው ሰፈር ግዙፍ ድምፅ ማጉያ አሠርቶ መንገድ ላይ ይደረድር ነበር፤ «ሳውንድ ሲስተም» ይሉታል። ሸክላ የሚመርጠው ሰው እዚያ «ሰለክተር» ነው የሚባለው፤ «ዲጄ» የሚሉት ማይክ ይዞ በሙዚቃው ላይ የሚያወራውን ነው። ስለዚህ አንተ ሰርግ ላይ ሙሽሮቹን ስትጠራና ሚዜዎቹን ስትቀሰቅስ በጃማይካ አባባል ዲጄ የምትሆነው ያኔ ነው። በ1985 ካሲዮ ከምትባል ትንሽ ኪቦርድ ውስጥ ተዘጋጅቶ በመጣ ምት ላይ «ስሌንግ ቴንግ» የሚባለው ሪዲም ተሠራ፤ ከዚያ በኋላ ስንቱ ዘፋኝ በዚያው ምት ላይ የራሱን ግጥም ደረደረበት። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የሰርግ ዜማችን እንዲሁ አይደለምን? ዜማው አንድ ነው፤ ግጥም የሚያወርደው ሰው ብዛቱ።

ትሪኒዳድ ያለው ታሪክ እኔን ሁልጊዜ ይነካኛል። እንግሊዞች በ1880ዎቹ የካርኒቫልን ከበሮ ከለከሉ። ሕዝቡ ቀርከሃ ቆርጦ መሬት ላይ መደብደብ ጀመረ። ቆየት ብሎ ወደ ብረታ ብረት ዞረ፣ በመጨረሻም የነዳጅ በርሜል ቀጥቅጦ ዜማ የሚያወጣ መሣሪያ ሠራ፤ ስቲል ፓን የምንለውን። ሶካ የዚያ ካርኒቫል ልጅ ነው። አንተ «በርሜል ሲንከባለል ይመስላል» ብለህ የተማረርክበትን ነገር እነሱ በቅኝት አስተካክለው አዘፈኑት።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልለፋቸው። ዙክ የተባለውን የካሪቢያን ዳንስ ሙዚቃ ያሳወቀው ካሳቭ የተባለው ቡድን በ1979 የተቋቋመው በጓዴሎፕና በማርቲኒክ ሙዚቀኞች ነው፤ ሙዚቃው ውቅያኖስ ተሻግሮ ኬፕ ቨርዴና አንጎላ ሲገባ ከአገሬው ሙዚቃ ጋር ተዋለደ፤ የአንጎላው ኪዞምባ አንዱ ልጁ ነው። ኩዱሮ የሉዋንዳ ነው፤ በስደተኛ ልጆች እጅ የሊዝበን ዳርቻ ሰፈሮች ደርሶ ሌላ መልክ አወጣ። ባይሌ ፈንክ ከማያሚ በመጡ ሸክላዎች ላይ የሪዮ ድሃ ሰፈሮች የራሳቸውን ቋንቋና ከበሮ የጫኑበት ነው። አየህ፣ ሙዚቃው አንድ ጊዜ ከአፍሪካ ወጥቶ የቀረ አይደለም። ሲሄድና ሲመለስ የኖረ ነው።

«እኛ ግን በዚያ መርከብ አልሄድንም» ትለኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ በአትላንቲኩ አልሄድንም። ጅማ ላይ ቆመህ እንዲህ ስትል ግን ትንሽ ተጠንቀቅ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጅማው ሂርማታ በደቡብ ምዕራቡ አገር ከታወቁት ትላልቅ ገበያዎች አንዱ ነበር፤ ቡናና ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስም ይሸጥበታል፤ ሰውም ይሸጥበት ነበር። ከዙሪያው አገር የተያዙ ሰዎች በሲራራ ነጋዴ እየተነዱ ወደ ቀይ ባሕር ጠረፍ ይወርዱና ወደ ዓረቢያ ይሻገሩ ነበር። ከዚያ ዘመን እጅግ ቀደም ብሎም ከእኛ አገር በባርነት የተወሰደው ማሊክ አምባር ሕንድ ገብቶ የአሕመድናጋር መንግሥት አስተዳዳሪና የጦር መሪ እስከ መሆን ደርሷል። ጉጃራት ውስጥ ዛሬም «ሲዲ» የሚባሉ አፍሪካዊ ዝርያ ያላቸው ሰዎች አሉ፤ ከበሮ ይመታሉ፣ ጭፈራቸውንም «ጎማ» ይሉታል፤ ቃሉ ስዋሂሊው «ንጎማ» ነው፤ ከበሮ ማለት። ስለዚህ መበተን የምዕራብ አፍሪካ ታሪክ ብቻ አይደለም። አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ጅሬን ላይ ወጥተህ ከተማውን ቁልቁል ስታይ ይህንንም ጨምረህ እየው፤ አስጎብኚው ሁልጊዜ አያነሳውም።

ለባለቤቱ ግን ይህን ሁሉ ንግግር አታድርግለት። ቅዳሜ ማታ ታሪክ የሚሰማ የለም። አንተ ብቻ እወቀው፤ ዘፈን ስትመርጥ እጅህ ላይ ይታያል።

አሁን ወደ ጆሮ እንምጣ፤ ሰው ለምን ይቀመጣል ላልከው መልሱ እዚህ ነው።

ስምንት ጊዜ እኩል እኩል ቁጠርና 1፣ 4 እና 7 ላይ አጨብጭብ። ሦስት፣ ሦስት፣ ሁለት ሆነች። ይህች አመታት ዳንስሆል ውስጥ አለች፣ ሬጌቶን ውስጥ አለች፣ ሶካ፣ ዙክ፣ ኩዱሮ፣ ባይሌ ፈንክ ውስጥ አለች። አንዱ በስኔር (በትንሹ ከበሮ) ይመታታል፣ ሌላው በሪም (በከበሮው ጠርዝ)፣ ሌላው በቤዝ ይደብቃታል። ፍጥነቱም ይለያያል፤ ዙክ ብዙውን ጊዜ በደቂቃ በ90ና በ100 ምት መካከል ያዘግማል፣ የካርኒቫል ሶካ 160 ላይ ይሮጣል። ግን ያቺው ናት። አንተ «አምስት ዓይነት ሙዚቃ» ብለህ የምትጠራቸው አብዛኞቹ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ለዚህም ነው እርስ በርሳቸው ስታገናኛቸው የማትቸገረው።

የእኛ ችክችካ ደግሞ በአንድ ትልቅ ምት ውስጥ ሦስት ትናንሽ ምቶች አሉት። ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት፤ እንዲህ ሲል ያድራል። በዚህ ያደገ ሰው ዳንስሆል ሲከፈትለት ሦስት ይሰማል፣ ደስ ይለዋል። ሁለተኛ ሦስት ይሰማል፣ ትከሻው ይነሳል። ሌላ ሦስት ሲጠብቅ ሁለት ይመጣበታል። እግሩ አየር ላይ ቀረ! አንድ ጊዜ ሲሆን ይስቃል፤ አሥር ደቂቃ ሲደጋገምበት ወንበሩን ይፈልጋል። እኔ በብዙ ሰርግ ላይ ያየሁት ይህንን ነው። ጥላቻ አይደለም፤ በጨለማ ደረጃ የሚወርድ ሰው አንድ እርከን ሲጎድልበት እንደሚሰማው ያለ ነው። ዳንስሆልን ከልጅነቱ የለመደ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ይህ አይሰማውም፤ ስለዚህ የቤትህ ታዳሚ ማን እንደሆነ ቀድመህ እይ።

ሲንኩ ለምን እንደሚያበላሽ አሁን ይገባሃል። አንድ ችክችካ ትልቁ ምቱ በደቂቃ 120 ነው እንበል። በእያንዳንዱ ውስጥ ሦስት ስላለ ትናንሾቹ 360 ናቸው። ሶፍትዌሩ የተሠራው ሁለትና አራት ለሚቆጥር ሙዚቃ ነው፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ትናንሾቹን ሁለት ሁለት አድርጎ ያስርና «180» ይልሃል፣ ወይም አራት አራት አድርጎ «90» ይልሃል። ከዚያ ሲንክ ስትጫን በዚያ ቁጥር ዘፈኑን ይጎትተዋል። በርሜልህ የሚንከባለለው እዚህ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ አገርኛ ዘፈኖችህን ቤት ቁጭ ብለህ አንድ በአንድ ክፈት፣ ታፕ የምትለዋን ቁልፍ ትከሻህ በሚወርድበት ትልቅ ምት ላይ ምታ፣ ቁጥሩን በእጅህ አስተካክል። ሲንክን ደግሞ ወደ አገርኛ ስትገባና ስትወጣ አጥፋው። የድሮ ባንዶች የቀዱት ከሆነ ጭራሽ አትመነው፤ ባንዱ ሲሞቅ ይፈጥናል፣ ዘፋኙ ሲያዜም ይዘገያል። ቁጥሩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ አይሆንም።

ከዚህ ሁለት በር ይከፈታል። የመጀመሪያው የሃውስ በር ነው። የሃውስ ኪክ በየትልቁ ምት ላይ ዱም፣ ዱም፣ ዱም፣ ዱም ብቻ ይላል፤ በመካከል ያለውን የሚቆርሱት ሃይሃቱ (ጺስ ጺስ የሚለው የብረት ድምፅ) እና ሌሎቹ ትናንሽ ድምፆች ናቸው። ስለዚህ 120 የሆነ ሃውስና 120 የሆነ ችክችካ ትልቁ ምታቸው ይገጥማል፣ ትንሹ ግን ይጣላል፤ አንዱ ሦስት ሲቆርስ ሌላው አራት ይቆርሳል። ምን ታደርጋለህ? ከሃውሱ መግቢያ ኪክ ብቻ ያለባትን አራት ወይም ስምንት ምት በሉፕ ያዝ (እየተደጋገመች ትዙር)፣ የላዩን ድምፅ በኢኪው (በቀጭንና ወፍራም ድምፅ ማስተካከያው) እስከ መጨረሻው ቁረጥ፣ ከችክችካው ደግሞ ቤዙን ቀንስ። አሁን ከታች የቺካጎ ኪክ፣ ከላይ ክራሩና ጭብጨባው። ጨፋሪው ምንም እንደተለወጠ አይሰማውም፤ ወለሉ የጠነከረ ብቻ ነው የሚመስለው። እንደዚያ አንድ ደቂቃ አቆየው። ችክችካውን ስታወጣና የሃውሱን ሃይሃት ቀስ ብለህ ስትመልስ ሰውዬው ሃውስ እየጨፈረ ይገኛል።

ሁለተኛው በር ሶፍትዌሩ የተሳሳተው ቁጥር ራሱ ነው። ያ «90» ዝም ብሎ ስህተት አይደለም። 90 የሆነ ዳንስሆል ውስጥ እያንዳንዱን ምት አራት ቦታ ብትቆርሰው 360 ይሆናል፤ ከችክችካው ትናንሽ ምቶች ጋር ልክ። እዚህ ትንሹ ይገጥማል፣ ትልቁ አይገጥምም። የዳንስሆሉ ሦስት፣ ሦስት ከችክችካው ጋር አብሮ ይረግጣል፣ ሁለቷ ላይ ይለያያሉ። ስለዚህ በዚህ በር ረጅም ሚክስ አይሠራም፤ ሰከንዶች ከቆየህ ይጣላል። ግን በአንድ ቅጽበት ቆርጠህ ብትገባ፣ በተለይ ዘፋኙ ጮኾ ባንዱ ዝም በሚልባት ቦታ ላይ፣ የሰውየው እግር ፍጥነቱን አይስትም። ሒሳቡ ይኸው፦ የችክችካውን ትልቅ ምት በሦስት አባዛና ለአራት አካፍል። 124 ከሆነ 93 ያለው ዳንስሆል ፈልግ። ይህን በልቤ ለማወቅ ስንት ዓመት እንደፈጀብኝ ብነግርህ ትስቃለህ።

ትልቁ ምት ላይ መደገፍን ያስተማረኝ የመብራት መጥፋት ነው። ጅማ ውስጥ አንድ ሰርግ ላይ፣ ድንኳኑ ጢም ብሎ፣ መብራት ሄደ። ጀነሬተሩ እምቢ አለ። ላፕቶፔ በባትሪው ይሠራል፣ ሞንታርቦው ግን ሞቷል። ወዲያው ሴቶቹ ከበሮ አነሱ፤ በኦሮምኛ አንዷ ታወርዳለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፣ ወንዱም በጭብጨባው ገባ። ከእኔ ሙዚቃ ይልቅ ደመቀ። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ መብራት መጣ። እኔ ደንግጬ፣ ሥራ ፈትቼ የቆምኩ ስለመሰለኝ፣ የከፈትኩትን ዘፈን ባለበት ለቀቅኩት። ዘፈኑ ጥሩ ነበር፣ ጊዜው ግን አልነበረም። ጭብጨባው ተበታተነ፣ አንዲት እናት ከበሮዋን ታቅፈው ዞር ብለው አዩኝና «ምነው ልጄ፣ ማን ጠራህ?» አሉኝ። እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

በሌላ ጊዜ ሌላ ሰርግ ላይ መብራቱ ሲመለስ እጄን ሰበሰብኩ። ጭብጨባቸውን በታፕ ለካሁ፣ ኪክ ብቻ ያለባትን ሉፕ ፈለግኩና ድምፁን ከዜሮ ጀምሬ ከጭብጨባው ሥር አስገባሁት። ሰው ሲያጨበጭብ ስለሚፈጥን ፒቹን (የፍጥነት መቆጣጠሪያውን) በጣቴ እየገፋሁ ተከተልኳቸው፤ እነሱ እኔን አልተከተሉኝም። ኪኩ ሲሰማ ሴቶቹ ቀና ብለው ሞንታርቦውን አዩና የባሰ መቱ። ቢያንስ አምስት ደቂቃ ድግሱን ያጫወቱት እነሱ ናቸው፣ እኔ ከበሮ መቺያቸው ነበርኩ። እንግዲህ ሃውስ ማለት ምን እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው ብልህ ማጋነን አይደለም።

የቅዳሜውን ሁለት ሰዓት እኔ ብሆን እንዲህ ነበር የማደርገው። ሰው እየገባ፣ እራቱን እየበላ ሳለ በሙላቱ አስታጥቄ እጀምራለሁ። ለምን እሱ? የጅማ ልጅ ነው፤ በ1943 እዚያው ነው የተወለደው። ምህንድስና ሊማር ዌልስ ተልኮ ወደ ሙዚቃ ዞረ፣ ለንደንና ቦስተን ተማረ፣ ከዚያ ኒውዮርክ ውስጥ በ1966 «አፍሮ-ላቲን ሶል» የተባለውን ሥራ ቀዳ። የኩባና የፖርቶ ሪኮ ከበሮ ላይ የእኛን ቅኝት አስቀመጠበት። አንተ ቅዳሜ ማታ ልታደርገው የምትፈልገውን የከተማህ ሰው ከስድሳ ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮታል። የቤቱ ባለቤት «ይሄ የማን ነው?» ካለህ መልሱ አጭር ነው፦ «የጅማ ልጅ።»

ከዚያ ሬጌ። ሬጌን ኢትዮጵያዊ ሲሰማ ማንም «የፈረንጅ» አይልም፤ አስተውለህ ታውቃለህ? ራስታፋሪ የሚለው ስም ራሱ ከራስ ተፈሪ የመጣ ነው፣ ሻሸመኔ ላይ ከካሪቢያን መጥተው የሰፈሩ ሰዎች አሉ፣ ንጉሡ ኪንግስተን የገቡት በዚያው ሙላቱ ያንን ሥራ በቀዳበት በ1966 ነው፣ በ2005 ደግሞ የቦብ ማርሌን 60ኛ የልደት ዓመት ለማክበር መስቀል አደባባይ በሰው ተጥለቅልቆ ነበር። ይህ በር ተከፍቶ የቆየ ስለሆነ ገፋ ማድረግ አያስፈልገውም። ኃይሌ ሩትስ ችክችካና ሬጌን አዋህዶ «ችጌ» ብሎ የሰየመውንም እዚህ አስገባ፤ ለሁለተኛው በር የተሠራ ቁልፍ ነው። ከሬጌ ወደ ዳንስሆል መሄድ የቤት ውስጥ መንገድ ነው፤ ከዳንስሆል ወደ ሬጌቶን እንዲሁ። ሆኖም እዚህ ከሦስት ዘፈን በላይ አትቆይ፤ ያቺ የጎደለች እርከን እንዳትሰለቻቸው።

ወደ መካከሉ ላይ በሁለተኛው በር ወደ ኦሮምኛ ቆርጠህ ግባ። ቤቱ ይነሳል፤ ይነሳ። ሦስት አራት ዘፈን ሙሉ በሙሉ ስጣቸው፣ ያለ ምንም ጌጥ፣ ዘፋኙን ሳትቆርጥ። በሚክስ ችሎታህን ለማሳየት የሰው ዘፈን ግማሹ ላይ የምትቆርጥ ከሆነ ታዳሚው ይቀየምሃል፣ ትክክልም ነው። ከዚያ በሃውሱ በር ውጣ። 120 ላይ ሃውስ፣ ትንሽ ዝቅ ብትል የደቡብ አፍሪካ አማፒያኖ 112 አካባቢ ታገኛለህ፤ ያ ከሥር የሚንቀጠቀጠው ሎግ ድራም ለጅማ ወጣት አዲስ አይደለም፣ በየባጃጁ ይሰማል። ኩዱሮና ባይሌ ፈንክ 130ና 140 ላይ ስለሆኑ የመጨረሻዎቹን ሃያ ደቂቃዎች ጠብቃቸው፤ ያኔ የቀረው ጨፋሪ ብቻ ነው፣ ወንበር ፈላጊው ሄዷል። ሮፍናን የአገራችንን ምት በኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ የሠራባቸው ሥራዎችም በዚህ ሽግግር ላይ እጅ ይሰጡሃል፤ ግን አንድ ብቻ፣ ሁሉም ዲጄ እዚያው ላይ ተደግፏል።

ስለ ቃላቱ አንድ ነገር። ዳንስሆልና ባይሌ ፈንክ ውስጥ አፍ የሚያሳፍር ግጥም ሞልቷል፤ ሰውን ለመግደል የሚጋብዝም አለ። «ማን ይሰማዋል፣ በጃማይካ ፓትዋ ነው፣ በፖርቱጋልኛ ነው» አትበል። አንተ የማታውቀውን ቃል በሞንታርቦ መልቀቅ ሌላ ሰው በስምህ እንዲናገር መፍቀድ ነው። ግጥሙን ፈልገህ አንብብ፣ ካልሆነ ያለ ድምፅ የተሠራውን ተጠቀም። ጅማ ደግሞ ብዙ ሙስሊም የሚኖርባት ከተማ ናት፤ በረመዳን ምሽት፣ በሶላት ሰዓት፣ ቤቱ ለመስጊድ ቅርብ ከሆነ፣ ቤዙን አንተ ራስህ ቀንሰው፤ እስክትለመን አትጠብቅ። በአቢይ ጾምም እንዲሁ። መንዙማና መዝሙር ላይ ደግሞ ቢት አትጫን። ይሄን «ፈጠራ» ብለው የሚያወድሱህ ልጆች አይጠፉም። እኔ አላደርገውም፣ አንተም ተው።

ፋይሎችህን ከዩቲዩብ አውርደህ ከሆነ በስልክ ጆሮ ማዳመጫ ልዩነቱ አይታወቅህም፤ ትልቅ ሞንታርቦ ላይ ግን ኪኩ እንደ እርጥብ ካርቶን ይሆናል። ሰው የሚቀመጥበት አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን እንደሚችል አትርሳ፤ አገርኛው ዘፈንህ በጥሩ ጥራት ካለህና ሃውስህ የተቀደደ ከሆነ ውድድሩ ፍትሐዊ አይደለም። ውጭ አገር ዘመድ ካለህ በወር ሦስት አራት ዘፈን ብቻ እንዲገዛልህ ለምነው፤ ለሠሪዎቹም ይደርሳል። ሚክሰሩ ላይ ቀይ መብራት እንዳታይ፤ ቀይ ላይ ያለ ድምፅ አይጮኽም፣ ይቀደዳል።

አርብ ማታ ከቻልክ ቤቱ ባዶ ሳለ ግባና ያቺን የሃውስ ኪክ ሉፕ ከአንድ የኦሮምኛ ዘፈን ሥር አስገብተህ ከመካከለኛው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠህ ስማት። ኪኩ እዚያ ካልደረሰ ሞንታርቦውን ከግድግዳው ጥግ አርቀው ወይም አስጠጋው፣ እስኪስተካከል። ቅዳሜ ሁለቱንም ሰዓት ቅዳውና ላክልኝ፤ ሁሉንም አልሰማም፣ ከችክችካው የወጣህባትን ደቂቃ ንገረኝና እሷን ነው የምሰማው።